ጠብቆ ሲነበብ

ሃያ ሁለት ዓመት ከሰሌዳ ፊት ቆሜ፣
ማጥበቅና ማላላት ሳስተምር ከርሜ፣
ለአንዲት የዘይት ታፖ ልኩ ጠፋብኝ።
ቺያቬውን ተጭኜ «ትንሽ ልጨምር» ስል፣ ከስር «ቋ» አለብኝ፤
ከዚያ ወዲያ ታፖዋ ያለ ሐሳብ ዞረች፣
አትጠብቅ፣ አትወጣ፣ መሐል ላይ ቀረች፤
እንደ ሰነፍ ልጅ፣ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ብሎ፣
መልሱን እንደሚያስቀር አየር ላይ አንጠልጥሎ።

ያማሃዬ አሮጊት ናት፤ ከግብርና ቢሮ በጨረታ ያነሳኋት፣
ከኔ በፊት ስንቱ ክንደኛ ያጠበቃት፣
የሰቃን ጭቃ፣ የዴዶን ዳገት የምታውቅ፤
ሆዷ ግን አሉሚኒየም፣ ብረት ሲያቅፈው የሚደቅ።

ማታ ከስሯ ካርቶን አነጠፍኩ።
ጠብ ስትል፣ ጠብ ስትል፣ ሌሊቱን ቆጠርኩ።
ሲነጋ በካርቶኑ ላይ ጥቁር አራት ነጥብ ታተመ፤
ዓረፍተ ነገሩ ግን አልተፈጸመ።

ሂርማታ አንድ ጎረምሳ ነጭ ቴፕ ጠቀለለላት፣
ሳሙና ቀባላት፣ በፒንሳ ጨመቃት፣
«አለቀ ጋሼ፣ ዓመት ትሄዳለች!» ብሎ ሁለት መቶ ብር ወሰደ።
አዌቱ ድልድይ ሳልደርስ ዘይቱ በጫማዬ ወረደ።

እየገፋሁ ሄድኩ። የድሮ ተማሪዬ ከባጃጁ አንገቱን አውጥቶ፣
«ቲቸር፣ ምነው?» አለና አለፈ፣ ጭቃ ረጭቶ።
አጂፕ ጋ ደረስኩ፣ ከሰውዳ አባ ገሮ ቶርኖ ቤት፤
ቶርኖው የአባቷ ውርስ፣ ጥርጣሬው የራሷ ሀብት።
ማዳበሪያ አንጥፋ ከስር ገባች። ትንሿን ጣቷን ሰደደች፣
ቀዳዳውን ዳበሰች፣
ከጥፍሯ ጫፍ ብልጭ የሚል፣ የተጠመዘዘ ክር አወጣች፤
«ፊሌቶው ተበልቷል» አለች።

ተበልቷል።
ቃሉ እንደ ገዛ ጠመኔዬ ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤
ስንቴ ጽፌው ነበር፣ ስንቱን ልጅ አስጮኸ፦
«ይበላል»፣ ላልቶ ሲነበብ፣ በሊታ ነው፣ ወደ ገበታ ይቀርባል፤
«ይበላል»፣ ጠብቆ ሲነበብ፣ ራሱ ገበታ ላይ ይቀርባል።
ስምንተኛ ክፍል ሁሉ የሚያውቀውን ይህን፣
ክንዴ ሳይማረው ቀረ፣ ይህን ሁሉ ዘመን።

ሰውዳ የሰዋስው ነገር አልጠየቀችኝም።
በትራፓኖ ቀዳዳውን ሰፋ አደረገች፤ አልቸኮለችም።
ማስኪዮውን አነሳች፣ ቦዩን በግራሶ ሞላች፣
«ብናኙ ሆዷ ከቀረ ነገ ሞተሩን ይበላል» አለች።
(ላልቶ! አልኩ በልቤ።)
ከዚያ ጀመረች፦ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ፣
እንደ ጀማሪ አንባቢ፣ ከመስመሩ እንዳይስት፣ ጠበቅ ላላ፣ ጠበቅ ላላ።
ነቢል ባትሪ ይዞላት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው፣
«ሱታ፣ ሱታ» ትላለች፤ ብረቱን ይሁን ልጁን፣ እሷ ትወቀው።

አዲሷ ታፖ ከቶርኖ ስትወርድ ገና ትሞቅ ነበር።
የመዳብ ሮንዴላ አጥልቃ፣ በባዶ ጣት አዞረቻት እስከ ድንበር።
ከዚያ ቺያቬውን ሰጠችኝ። እኔን!
«ያበላሹት እርስዎ፣ ያጥብቁትም እርስዎ። ግን ጭራውን አይያዙ፣ አንገቱን።»
አሳጥሬ ያዝኩ። ነካ። ቆምኩ። ትንፋሽ ያህል ጨመርኩ።
ክንዴ «ገና ነው» አለ። እጄን አወረድኩ።

አራት መቶ ሃምሳ ብር ከፈልኩ፣ የዘይቱ ሌላ።
ሲመሽ ንጹሕ ካርቶን አነጠፍኩ፣ ከእራት በኋላ።
ጠዋት አጎንብሼ አየሁ፦ ባዶ ገጽ፤ የለበትም አንድ ነጥብ።
ቢሆንም አልጣልኩትም። እስከ ዛሬ ከስሯ አለ። ጠብቆ ይነበብ።